የኤሌክትሪክ ደንብ ሕይወት ያድናል ወይ?



መንግሥታት ለመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ያወጣሉ። ገመዱ ምን ያህል ውፍረት ይኑረው፣ ሶኬቱ የት ይቀመጥ፣ ሥራውንስ ማን ይሥራው ብለው ይደነግጋሉ። ይህን ለማሟላት ቤት ሠሪው ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣል፣ ባለሙያው ፈተና ይቀመጣል፣ ተቆጣጣሪው ከቤት ቤት ይዞራል። ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ሰውን ከሞትና ከጉዳት አድኗል ወይ?

«እንዴታ! ደንብማ ያድናል» ማለት ይቀናናል። «ወረቀት ማንን አድኖ ያውቃል» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። አንዳንዱ ደንብ ሕይወት ማዳኑ በማያጠራጥር መንገድ ታይቷል። ሌላው ደግሞ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበትና ብዙ ክርክር ከተነሳበት በኋላም ማዳኑን ማሳየት ከባድ ሆኗል። ሁለቱን የሚለያቸው ምን እንደሆነ ካወቅን፣ እኛ ዘንድ የትኛው መቅደም እንዳለበት ለመወሰን አንቸገርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውን የሚገድለው ስንት ኮረንቲ ነው?

ክርክሩን ከመጀመራችን በፊት ሁለት ሦስት ቁጥሮች እንያዝ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ቻርልስ ዳልዚየል የሚባሉ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ኮረንቲ ሲያልፍበት ነው የሚለውን ለማወቅ በ134 ወንዶችና በ28 ሴቶች ፈቃደኞች ላይ ሙከራ አደረጉ። አማካዩ ለወንዶች 16 ሚሊአምፔር፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጡንቻ ይኮማተራል፣ እጅ ይጨብጣል፣ መልቀቅ አይቻልም። ወደ 100 ሚሊአምፔር ሲጠጋ ደግሞ ልብ የተስተካከለ ምቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች። በዚያ ሁኔታ ጥቂት ደቂቃ ከቆየች ሰውየው አይተርፍም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። እጁ የረጠበ ሰው ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ፣ ቢነካ በሰውነቱ 200 ሚሊአምፔር ያህል ሊያልፍ ይችላል። ይህ ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። የሶኬቱ ብሬከር ግን 16 አምፔር፣ ማለትም 16,000 ሚሊአምፔር ነው። 200 ሚሊአምፔር ለብሬከሩ የ40 ሻማ አምፖል እንደበራ ያህል ነው የሚቆጠረው። ሰው እየሞተ ብሬከሩ አይጥልም። ለዚህ የተሠራም አይደለም፤ የተሠራው ገመዱ ግሎ እንዳይቃጠል ነው።

ብዙ ሰው «ቤቴ ብሬከር አለው» ብሎ ተማምኖ የሚተኛው ይህን ባለማወቅ ነው። ሰውን ከኮረንቲ የሚጠብቁት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ኧርዝ ነው። የምጣዱ ወይም የማቀዝቀዣው ብረት አካል ፌዝ ቢነካው፣ ኮረንቲው ሰው እስኪነካው ሳይጠብቅ በኧርዙ በኩል ይፈስሳል፤ ፍሰቱም ብዙ ስለሚሆን ብሬከሩ ይጥላል። ሁለተኛው ባለሙያዎች አርሲዲ፣ አሜሪካኖች ደግሞ ጂኤፍሲአይ የሚሉት መሣሪያ ነው። እንደ ጠንቃቃ ባለሱቅ የወጣውንና የተመለሰውን እያስተያየ ይቆጥራል። በፌዝ የሄደው ሁሉ በኒውትራል፣ ማለትም በመመለሻው ሽቦ፣ ካልተመለሰ፣ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ፣ እያለፈ ነው ማለት ነው። ጉድለቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ መስመሩን በቅጽበት ያቋርጣል። የአሜሪካው ዓይነት በ5 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው የሚያቋርጠው።

ከማዕድን መንደር እስከ መታጠቢያ ቤት

ይህ መሣሪያ በከፊል የአፍሪካ ምድር ልጅ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሄንሪ ሩቢን የሚባል መሐንዲስ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ሲሠራ፣ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ኮረንቲ የሚያደርሰው አደጋ አሳስቦት፣ ሰውን ለማዳን የሚበቃ ስሜት ያለው መከላከያ ሠራ። ብዙ ሳይቆይ መሣሪያው ከማዕድን አልፎ በስቲልፎንቴን የማዕድን ሠራተኞች መንደር በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ዳልዚየልም በ1965 በአሜሪካ ለራሳቸው መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኙ።

የሚቀጥለው የአሜሪካ ደንብ ታሪክ ነው። ከ1897 ጀምሮ የሚታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህን መሣሪያ በአንድ ጊዜ በሁሉም ቤት ላይ አልጫነም። በመጀመሪያ ውሃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙበትን ቦታ መረጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመዋኛ ገንዳ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቤት ውጭ ያሉ ሶኬቶች፣ በ1975 መታጠቢያ ቤት፣ በ1978 ጋራዥ፣ በ1987 ማዕድ ቤት፤ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ሄደ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የአሜሪካ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ጨምሯል፤ በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃም በዝቷል። በቤት ዕቃዎች ሳቢያ በኮረንቲ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን በእጅጉ ወርዷል።

ታዲያ ያዳነው ደንቡ ነው? እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። በነዚያው ዓመታት የብረት አካል የነበራቸው መሰርሰሪያዎች በፕላስቲክ ተተኩ፤ በባትሪ የሚሠሩ ዕቃዎች በዙ፤ የልብ ማሸት የሚችሉ ሰዎችና አምቡላንሶች በረከቱ። ሞት ሲቀንስ አይቶ ምስጋናውን ሁሉ ለደንቡ መስጠት፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት የታየውን ሁሉ ዝናቡ አመጣው እንደ ማለት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ የተለወጠበትን ጉዳይ መፈለግ አለብን።

እንዲህ ያለ ጉዳይ አለ፤ የፀጉር ማድረቂያ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በየዓመቱ ከ10 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ ፀጉር ማድረቂያ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ወድቆባቸው ይሞቱ ነበር። ማድረቂያው ጠፍቶ እንኳ ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ይገድላል፤ ማጥፊያው ሞተሩን ያቆማል እንጂ እስከ ማጥፊያው ድረስ ያለው ሽቦ ኮረንቲ እንደያዘ ነው። በ1987 የምርት ደረጃው ተቀየረ፤ የጠፋ ማድረቂያ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዳይገድል ተደረገ። በ1991 ደግሞ የበራውም እንዳይገድል ተጠየቀ። አምራቾቹ ዛሬ በዚያው አገር የሚታወቀውን ትልቅ ራስ ያለውን መሰኪያ አመጡ፤ መከላከያው እዚያ ውስጥ ነው። ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ በዚህ ምክንያት የሚሞተው ሰው በዓመት አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። በ2011 የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን መከላከያ የሌለውን ማድረቂያ ከባድ አደጋ ያለበት ምርት ብሎ መደበው።

ይህ ምሳሌ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ልጆች ዛሬም ገንዳ አጠገብ ይጫወታሉ፣ ወላጆችም ዛሬም ይዘነጋሉ። የተለወጠው ዕቃው ነው። ሁለተኛ፣ በቤት ግንባታ ላይ የሚጣል ደንብ የሚደርሰው አዲስ ለሚሠሩ ቤቶች ነው፤ የ50 ዓመቱን ቤት አይነካውም። በዕቃ ላይ የሚጣል ደንብ ግን ዕቃው በየጥቂት ዓመቱ ሲታደስ አሮጌውን ቤት ጭምር አንኳኩቶ ይገባል።

አንድ ሞት፣ ሁለት መልስ

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በ2004 የአንዲት የፓርላማ አባል ልጅ በገዛ ማዕድ ቤቷ በኮረንቲ ሞተች። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ገመድ በማይጠበቅ አቅጣጫ የተዘረጋ ነበር። የዕቃ መስቀያ ብረት ግድግዳው ላይ ሲመታ ብሎኑ ገመዱን ጎዳው። ከጊዜ በኋላ ያ የብረት መስቀያ ራሱ ኮረንቲ ያዘ።

አገሪቱ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጠች። የመጀመሪያው ከዚያ ቀደም ሲመከርበት የቆየውና ከጥር 2005 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጸናው ፓርት ፒ የተባለው የሕንፃ ደንብ ክፍል ነው። ይህ ደንብ በዋናነት የጠየቀው ሥራውን ማን እንደሚሠራና ለማን ማሳወቅ እንደሚገባ ነው። የተመዘገበ ባለሙያ ይሥራው፤ ካልሆነ ባለቤቱ ለአካባቢው አስተዳደር አሳውቆ ክፍያ ከፍሎ ያስመርምር አለ። ለትንሽ ሥራ ክፍያው ከሥራው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። በዚያው ሰሞን የገመድ ቀለም ከቀይና ጥቁር ወደ ቡናማና ሰማያዊ እየተቀየረ ስለነበር፣ ሥራው ከደንቡ በፊት የተሠራ ለማስመሰል አሮጌውን ቀለም ገዝተው ያስቀመጡ ነበሩ ተብሎ በሙያተኞች መካከል ብዙ ተቀልዷል። ከክርክር በኋላ ደንቡ በ2013 በእንግሊዝ ላላ፤ ማሳወቅ የሚጠይቁት ሥራዎች ዝርዝር አጠረ፣ አብዛኛው የማዕድ ቤት ሥራም ከዝርዝሩ ወጣ።

የደንቡን ውጤት መለካት የከበደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእንግሊዝ ቤቶች በኮረንቲ የሚሞቱት ድሮውንም በዓመት በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩ እንዲህ አነስተኛ ሲሆን ከዓመት ዓመት በአጋጣሚ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያ ከፍታና ዝቅታ የደንቡን ውጤት ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ከሟቾቹ ውስጥ ባልተመዘገበ ሰው በተሠራ አዲስ ሥራ ሳቢያ የሚሞቱት የተወሰኑት ብቻ ናቸው። አሮጌ ገመድ፣ የተላጠ ኤክስቴንሽን፣ የተሰበረ ሶኬት ፈቃድ በመጠየቅ አይጠገንም።

ሁለተኛው መልስ ብዙ ጫጫታ አልነበረውም። በ2008 የጸናው የአገሪቱ መሐንዲሶች ያወጡት የገመድ ሥራ ደንብ፣ ግድግዳ ውስጥ ከ50 ሚሊሜትር ባነሰ ጥልቀት የሚቀበርና የብረት መከላከያ የሌለው የቤት ገመድ በ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ እንዲጠበቅ አዘዘ። ይህ ደንብ ብሎኑን ማን እንደመታው አይጠይቅም። ሠራተኛው ቢሳሳት፣ ባለቤቱ ከ10 ዓመት በኋላ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር ቢመታ፣ ተከራዩ ሳያውቅ ቢነካ መሣሪያው እዚያው አለ። የማዕድ ቤቱን ዓይነት ሞት በቀጥታ የሚመልሰው ይህኛው ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች

ሌላ መፈተኛ አለን። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ አንድ የጋራ የገመድ ሥራ ደረጃ አላቸው። ሥራውን ማን ይሥራው በሚለው ላይ ግን ይለያያሉ። አውስትራሊያ የቤቱ ባለቤት ሶኬት እንኳ እንዲቀይር አትፈቅድም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው የሚሠራው። ኒውዚላንድ ግን ባለቤቱ በገዛ መኖሪያው ገመድ እንዲዘረጋ ትፈቅዳለች፤ ኮረንቲ ከመለቀቁ በፊት ግን ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ መፈተሽ አለበት። በሁለቱም አገሮች የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞት በጣም ጥቂት ነው። ሥራው በትክክል እስከተፈተሸ ድረስ፣ ማን ሠራው የሚለው ሰዎች የሚያስቡትን ያህል ልዩነት አያመጣም ብለው የሚከራከሩ ወገኖች የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

ጥብቋ አውስትራሊያ ራሷ መራራ ትምህርት አግኝታለች። በ2009 መንግሥት ቤቶች ጣሪያቸው ሥር የሙቀት መከላከያ እንዲያስገቡ በገፍ ገንዘብ ሰጠ። አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሦስቱ በኮረንቲ ነው። ከነዚህ መካከል የብረት ቅጠል የመሰለውን መከላከያ በብረት ስቴፕል ሲያጣብቁ ስቴፕሉ የተሸሸገ ገመድ የወጋባቸው ነበሩ። በኒውዚላንድ በዚሁ አሠራር ሰዎች ቀድመው ሞተው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን በጊዜ አልተሰማም። የባለሙያ ፈቃድ ሕጉ እነዚህን ወጣቶች አልጠበቃቸውም፤ እነሱ የኤሌክትሪክ ሥራ እየሠሩ መሆናቸውን አያውቁም ነበርና። ኩዊንስላንድ ከ1992 ጀምሮ በአዳዲስ ቤቶች የሶኬት መስመር ላይ አርሲዲ ታስገድድ ነበር፤ በጣሪያ በኩል የሚያልፈው የአሮጌ ቤት ገመድ ግን በብዙ ቦታ ከዚህ ውጭ ነበር። በ2014 የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ መንግሥትን በከባድ ቃል ወቀሰ።

ወደ እኛ ቤት

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ፍርድ ይህ ነው። ሰው ባይጠነቀቅም፣ ባያውቅም፣ ቢዘነጋም ሥራውን የሚሠራ፣ በግድግዳውና በዕቃው ውስጥ የገባ ደንብ ሕይወት ያድናል። በፋይል ውስጥ የሚቀር ደንብ የሚያድነው ጠንካራ ቁጥጥር ካለው ብቻ ነው፤ ቁጥጥሩ ከሳሳ ደግሞ ሰውን ወደ ድብቅ ሥራ ይገፋዋል።

በኢትዮጵያ ደንብ የለም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቷል፤ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላን የሚመለከት የአገር ውስጥ የግንባታ ደረጃም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ አለ። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት የኪራይ ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፣ ከቤት ቤት የተቀጣጠለውን ቀጭን ሽቦ የትኛው ተቆጣጣሪ ያየዋል? ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ክር የሚቀጠለውንስ?

የእንጀራ ምጣዱን እንመልከት። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም የሶኬቱ አቅም ጫፍ ነው። ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ላይ ሲሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። እዚህ ላይ አርሲዲ አይረዳም፤ ኮረንቲው ከመስመር አልወጣምና። ለዚህ የሚያስፈልገው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ለመስመሩ ልክ የሆነ ብሬከር ነው። ምጣዱ ብረት ለብሷል፣ ጋጋሪዋም ሊጥና ውሃ በነካ እጇ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ኧርዝና አርሲዲም የግድ ናቸው። አንዱ መከላከያ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ከዱባይ የሚመጡ ዕቃዎችንም ተመልከቱ። ሦስት ወፍራም እግር ያለው መሰኪያ ከእኛ ሶኬት ጋር ስለማይገጥም፣ ከሱቅ በተገዛ ርካሽ አስማሚ ሁለት እግር ይደረጋል። ሦስተኛው እግር ኧርዝ ነበር፤ አስማሚው ላይ ቀረ። አምራቹ ሕግ አክብሮ ያስገባውን መከላከያ እኛ በአንድ ትንሽ ፕላስቲክ እናወጣዋለን። እንዲህ ያለው አስማሚ ገበያ ላይ እንዳይሸጥ ማድረግ፣ እያንዳንዱን ቤት ከመፈተሽ እጅግ ይቀላል።

ስለዚህ ለሕግ አውጪዎች የማቀርበው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ አዲስ ቆጣሪ ሲገባ ከቆጣሪው ቀጥሎ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ መገጠሙ የግዴታ ይሁን። አንድ ቆጣሪ ስድስት ቤት ቢያገለግል እንኳ ስድስቱን ቤት ይጠብቃል። መሣሪያው ደጋግሞ ከጣለ ደግሞ አንዱ ቤት ውስጥ ኮረንቲ እየሸሸ ነውና ጥፋቱ ይፈለግ እንጂ መሣሪያው ታልፎ ሽቦ አይቀጠል። ሁለተኛ፣ ኧርዝ የሚያስቀሩ አስማሚዎች፣ ቀጭን ገመድ ያላቸው ማከፋፈያዎችና ኧርዝ የሌላቸው ምጣዶች በመግቢያ በርና በማምረቻው ላይ ይያዙ። ሦስተኛ፣ የባለሙያ ፈቃድ ይጠንክር፤ ክፍያው ግን ሰውን ከሕጋዊው በር የሚያስሸሽ አይሁን። አራተኛ፣ በኮረንቲ የሞተና የተቃጠለ ሰው ሁሉ ምን ነክቶ፣ በምን ዓይነት ቤት እንደተጎዳ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ደንብ ማዳን አለማዳኑን የሚነግረን ያ መዝገብ ብቻ ነው።

ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ቤታችሁ አርሲዲ ካለው የመሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ ተጫኑት፤ ካልጣለ ሞቷልና አስቀይሩት። ከሌላችሁ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠሪ በጠራችሁ ጊዜ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት «ኧርዙን ትለካልኛለህ? 30 ሚሊአምፔር መከላከያስ ትገጥማለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱን ጥያቄ መመለስ የማይችል ሰው ሽቦአችሁን እንዲነካ አትፍቀዱለት።